አራት ሜትር በአራት ሜትር

መስከረም 8፣ ዓርብ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ አሠሪዬ፣ መምህርቷ ኡስታዛ አማኒ ናት፤ ጎርፍ ቤት ላፈረሰባቸው ለሚሠራው ማኅበሯ ሥራ እንጂ ለወሬ አይደለም። ዐረብኛው ግን ከቀኝ ይጀምራል። እኔ ሜትር እየዘረጋሁ ስጠራላት እሷ በቀኝ በኩል ትጽፋለች፤ በግራ ያለው ባዶውን ቀረ። ባዶ ወረቀት አያስችለኝም። በዚህ ቤት ደግሞ ከእኔ በቀር አማርኛ የሚያነብ የለም፤ የልቤን ብጽፍ ማን ይከሰኛል?

ዛሬ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጀሪፍ ወረድን። ዓባይ ሰፈሩን ጠራርጎ ከተመለሰ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ሰዉ አስፋልቱ ዳር ሸራ ወጥሮ ተቀምጧል። አማኒ ለሰዎቹ ስታስተዋውቀኝ «የቤቴ ሠራተኛ» አላለችም፤ «ሬሕማ፣ የማኅበራችን ሜትር ያዥ» አለች። ወላሂ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ኻርቱም ስኖር ማዕረግ ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነው። ራሴን ቀና አድርጌ ስሄድ አንድ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ።

አሥራ አንድ ቤተሰብ መዝግበናል። ተራ ቁጥር አንድ ሐጃ ዛሂራ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ዕድሜያችን እኩል ነው፤ ሐጃ የሚሏት መካ ስለሄደች ነው። ከወሎ መሆኔን ስትሰማ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ውሃው ከእናንተ አገር መጥቶ ቤቴን ወሰደ፤ አሁን አንቺ ልትመልሺልኝ መጣሽ?» አለችኝ።

«አዎ፤ ከዘገየሁ ይቅርታ» አልኳት። ሳቀች። ደስ አለችኝ።

ደንቡን ጮክ ብዬ ነገርኳቸው። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ክፍል፣ አራት ሜትር በአራት ሜትር። ማኅበሩ የጣሪያ እንጨቱንና በሩን ይሰጣል፤ ጭቃው የባለቤቱና የጎረቤቱ ነው። ከአራት ሜትር አንዲት ጣት አትጨመርም። አንዱን ከለቀቅኩ አሥሩን ማን ይችለዋል?

መስከረም 10፣ እሑድ

ችካል ተከልን። ግንበኛችን ኡስታ ማግዲ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት አይሞላውም፣ ለመናገር ይሰስታል። የእኔ ወሬ ለሁለታችንም ይበቃል።

ሐጃ ዛሂራ ጥድፊያዋ ለምን እንደሆነ ነገረችኝ። አንድ ልጇ መላክ ነፍሰ ጡር ናት፤ የመጀመሪያዋ ነው። እዚህም እንደ እኛው አገር የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። አርባ ቀን እናቷ ጋ ትታረሳለች። ቀኑ ደግሞ ጥቅምት አጋማሽ ነው።

«አምስት ሳምንት አለኝ» አለች። «ልጄ አርባ ቀኗን በባሏ እናት ጓዳ ከቆጠረች፣ እኔ በዚህ ሰፈር ቀና ብዬ አልሄድም። ሸራ ውስጥ ደግሞ አራስ አላስተኛም።»

«አብሽሪ፣ ይደርሳል» አልኳት። ከአፌ ወጣ። ከወጣ ደግሞ ወጣ ነው፤ ይደርሳል።

የእኔዋም ልጅ ሂያም ወሯ ኅዳር እንደሆነ ነገርኳት። እሷ ግን ካላክላ ሰፈር አማቷ ቤት ይመቻታል። አማቷ ደግ ሴት ናት፣ ማራገቢያም አላቸው።

መስከረም 12፣ ማክሰኞ

ሐጃ ዛሂራ ለፊርማ አል-ሳሃፋ ሰፈር፣ እኛ ቤት መጣች። አማኒ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ የዐስር ሶላት ደረሰባትና ክፍሌ ገብታ ሰገደች። ክፍሌ ከጓሮ ናት፤ አልጋዬና የልብስ ማጠቢያው ማሽን አሉ። ሰጋጃው መሃላቸው አልዘረጋ ስላላት አጥፋ ነው የሰገደችበት። ስትጨርስ ዙሪያውን አየች። እኔ ነኝ ሳልጠየቅ «ለአንድ ሰው ይበቃል» ያልኩት።

ሻይ ጠጥታ ፈርማ ሄደች። ስትወጣ «ሂያም የአንቺ ስንተኛ ናት?» አለችኝ። «አንድ ናት፤ ባሌ አብዱልወሃብ ነፍሱን ይማረውና ከእሷ ሌላ አልተወልኝም» አልኳት።

መስከረም 13፣ ረቡዕ

አንድ መድማክ ቆመ። መድማክ የሚሉት አንድ ዙር ጭቃ ነው፤ ክንድ ቁመት የሚያህል። አምስት ይቀራል።

ሂያም ደወለች። «እማዬ፣ እኔ ደህና ነው» አለች፤ አማርኛዋ እንደዚያው ነው፣ ዐረብ አገር አሳድጌ ምን ልጠብቅ። እግሯ አብጧል። ሥራ ላይ ነኝ ብዬ ቶሎ ዘጋሁ። ሥራ ላይም ነበርኩ።

መስከረም 15፣ ዓርብ

ዛሬ ታሪክ ሠራሁ!

ማግዲ ለቅሶ ሄዶ ነበር። «አንድ መድማክ ብቻ፣ ከዚያ ይደር» ብሎኝ ነው የሄደው። ዓርብ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ግን ሰዉ ለሥራ ነቅሎ ወጣ፤ ጎረቤቱ፣ የአማኒ ባልደረቦች፣ የመስጊዱ ወጣቶች፣ ሁሉም። ጭቃው ተቦክቷል፣ ጭዱ አለ፣ ክንድ ሞልቷል። አንዷን መድማክ እስከ ረፋድ ጨረስናት። ታዲያ ይህን ሁሉ ሰው «በሉ ወደየቤታችሁ» ልበለው? በእኛ አገር ቤት እኮ ጠዋት ተጀምሮ ማታ ተመርጎ ያልቃል! ይህንኑ ነገርኳቸው። «ያላ!» አልኩ። ሁለተኛውን ጫንን፤ ሦስተኛውን ጫንን።

ሐጃ ዛሂራ አንዴ ብቻ «ሬሕማ፣ ቢያድርስ?» አለችኝ። «ልጅሽ ታድራለች?» አልኳት። እንዴት ያለ መልስ ነው የሰጠሁት፣ ራሴን አደነቅኩት።

ሦስት መድማክ በአንድ ቀን። ማግዲ ነገ ሲያይ አፉን ይይዛል።

መስከረም 16፣ ቅዳሜ

ወደቀ።

ጠዋት ስንደርስ የታችኛው ሆዱ ተነፍቶ ነበር። እያየነው ቁጭ አለ። ሰው አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ። የሐጃ ዛሂራ በራድ ከሥሩ ቀረ።

ምን ነክቶኝ ነው? ምን ነክቶኝ ነው?

መስከረም 17፣ እሑድ

ማግዲ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ፍርስራሹ ላይ ተቀምጦ ቀስ ብሎ «በእናንተ አገር ግድግዳውን የሚሸከመው ምንድን ነው?» አለኝ።

«እንጨት» አልኩት። «ምሰሶ እንተክላለን፣ ማገር እናስራለን፣ ጭቃውን ከላዩ እንመርጋለን።»

«እዚህ እንጨት አየሽ?»

አላየሁም። የለማ! ጭቃው ራሱን በራሱ ነው የሚሸከመው። የታችኛው ሳይደርቅ የላይኛውን ጭነሽ ምን እንዲሆን ነው? ሃያ ሦስት ዓመት የኻርቱምን ግድግዳ አቧራ አራግፌያለሁ፤ አንድ ቀን ሲሠራ አላየሁም። ያላየሁትን ደግሞ አላውቅም አላልኩም። የእኔ በሽታ ይህች ናት።

አማኒ በስልክ ለአንዷ ስታወራ ሰማኋት። «ልቧ ንጹሕ ነው፣ ግን መስማት አትወድም» ትላለች። ስለ ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ሐጃ ዛሂራ በራዷን ከጭቃው አውጥታ ደበደበችው፣ ቀጠቀጠችው፣ እንደ ምንም አቃናችው። ሻይ አፍልታበት የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለእኔ ሰጠችኝ። «ውሃው የተወልኝን አንቺ ጨረስሽልኝ» ብላ ከት ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ሳምንት ሙሉ አቃጥዬባታለሁ።

መስከረም 19፣ ማክሰኞ

ሰፈሩ ስም አወጣልኝ፤ «ሬሕማ ሦስት መድማክ»። የሠርግ ሐፍላ ላይ ሳይቀር ተጠራሁበት። ይገባኛል።

ዛሬ ግን የሚያናድድ ነገር ሆነ። ከመሠረቱ ጀምረን ነበርና ገመዱን ለማየት ሜትሬን ዘረጋሁ። በአንድ በኩል አራት። በሌላው አምስት ከግማሽ! ሐጃ ዛሂራ ሌሊቱን ችካሉን ነቅላ ሦስት ክንድ ወስዳዋለች። ማግዲ ያውቃል፤ ወደ ሰማይ ያያል።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ክፍሌ ነው።»

«ደንቡ አራት በአራት ነው!»

«መሬቱ የእኔ ነው፣ ጭቃው የአላህ ነው። አንቺ ከየትኛው ነው የምትከለክይኝ?»

ሰው ተሰበሰበ። ግድግዳ ያፈረስኩ ሰው ሆኜ ብዙ መጮህ አልቻልኩም። ለአማኒ ነገርኳት፤ «ትርፉን ራሷ ከሠራችው ምን ቸገረን?» አለች። ቸገረን እንጂ! የጣሪያ እንጨት የምሰጠው ለአራት ሜትር ነው፤ አንዲት አልጨምርም፤ ይህንንም ነግሬያታለሁ። ቀኑ እየሄደባት ቤት ታስረዝማለች። ምን ዓይነት ስግብግብነት ነው?

መስከረም 23፣ ቅዳሜ

ሁለት መድማክ ደርቋል፤ ሦስተኛው ዛሬ ቆመ። በማግዲ ትእዛዝ፣ አንድ በአንድ። እኔ አፌን ዘግቼ ጭቃ ረገጥኩ።

ከጀርባ ሆኜ ግን ሰማኋት። ለማግዲ «ሁለት አንገረብ ጎን ለጎን፣ መሃሉ ሰው የሚያሳልፍ» እያለችው ነው። አንገረብ በገመድ የተጠለፈው አልጋ ነው። ሁለት ለምን? መላክ አንድ ናት፣ እሷ ራሷ መሬት ነው የምተኛው ብላኛለች። ገባኝ። ልታከራይ ነው! አራስ አስተኝታ ከጎኗ ተከራይ ልታስገባ! የማኅበሩን በር፣ የማኅበሩን እንጨት ይዛ!

ዛሬ ሻይዋን አልጠጣሁም። «አሞሻል?» አለችኝ። «ደህና ነኝ» አልኳት።

«ሂያምስ? እግሯ እንዴት ሆነ?»

«ደህና ናት። አማቷ ማራገቢያ አላት።»

«ማራገቢያ እናት ይሆናል?» አለችና ሥራዋን ቀጠለች። ምን ለማለት ነው? ሌሊቱን ሙሉ እየመጣ ይነዘንዘኛል።

መስከረም 28፣ ሐሙስ

አምስተኛው መድማክ።

ጭቃ መርገጥ እንዲህ ደስ እንደሚል ረስቼው ነበር። የምጠቀለልበትን ቶቤን አስሬ፣ ከሴቶቹ ጋር ክብ ሠርተን፣ አንዷ ስታወጣ ሌላዋ ስትቀበል፣ በዘፈን ነው የረገጥነው። እኔም የአገሬን አወጣሁ፤ ቃሉ ሳይገባቸው አጨበጨቡልኝ። ሐጃ ዛሂራ አዳልጧት ጭቃው ውስጥ ተቀመጠች፣ ላነሳት ስል እኔም ተቀመጥኩ። እስኪያመን ሳቅን። ማኩረፌን ያስታወስኩት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

የተከራዩን ነገር ግን አልረሳሁትም።

ጥቅምት 4፣ ረቡዕ

ጣሪያ። ለአራት ሜትር የሚሆን እንጨት ቆጥሬ ሰጠሁ፤ ዘጠኝ። ሐጃ ዛሂራ አልለመነችኝም። ለሦስቱ ክንድ ምን ልታደርግ ነው ብዬ ቆሜ ሳይ፣ ረክሻ፣ የእኛው ባጃጅ፣ እየጮኸች መጣች፤ ጣራዋ ላይ አራት እንጨት ታስሯል። ሹፌሩ ማን ይሆን? ሙአየድ! የሂያም ባል! የገዛ አማቼ!

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ሐጃ ዛሂራ ላከችብኝ፣ እማዬ።»

«ከየት ታውቅሃለች?»

ራሱን አከከ። «ኻርቱም ትንሽ ናት» አለኝ። ኻርቱም ትንሽ ናት! ይህን ሁሉ መንገድ ከካላክላ ድረስ ለባዕድ ቤት እንጨት ሲጭን ሚስቱ ማን አላት? ተቆጣሁት። እንጨቱን አውርዶ፣ ለማግዲ አቀብሎ፣ ሹልክ አለ። ሐጃ ዛሂራ ይኼኔ ስልኩን ከማኅበሩ መዝገብ አውጥታ ነው። ሰው ማዘዝ ታውቅበታለች።

ጥቅምት 7፣ ቅዳሜ

ልስን። ዚባላ ይሉታል፤ ጭቃና የአህያ ፋንድያ ተቀላቅሎ ሳምንት የቦካ። ሽታው አይነገርም። ሐጃ ዛሂራ እጇን እስከ ክርኗ ነክራ ትለስናለች፤ እኔ ከሥር ከሥሯ። ልስኑ ላይ ማንም አይበልጠኝም፣ ማግዲም መሰከረ። ለዚህ እንኳ የወሎ እጅ ሠራ።

ሥራ ስንጨርስ ውስጡ ገብቼ ቆምኩ። ይቀዘቅዛል። ውጭው እንደ ምጣድ እየነደደ ውስጡ ይቀዘቅዛል። ማራገቢያ አያስፈልገውም።

ሂያም ጋ መደወል አለብኝ። ነገ እደውላለሁ።

ጥቅምት 11፣ ረቡዕ

መላክ ምጥ። ቀኗን ቀድማ። በሩ አልተገጠመም! ማግዲ ጋ ደውያለሁ። እየሮጥኩ ነው።

ጥቅምት 12፣ ሐሙስ

ሴት ልጅ። ሆስፒታል ወለደች፤ እናትም ልጅም ደህና። ማግዲ የበሩን የመጨረሻ ማጠፊያ እየመታ ሳለ ረክሻዋ ደረሰች። ነጂው አሁንም ሙአየድ ነው፤ መጠየቅ ትቻለሁ።

መላክ በሩ ላይ ቆም አለች። እናቷ «ግቢ፣ ቤትሽ ነው» አለቻት። መላክ ግድግዳውን በእጇ ነካችው፣ ከዚያ ገባች። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም ሰፈሩን የሚቀሰቅስ እልልታ አቀለጥኩ። ደረሰ። ያልኩት ደረሰ!

የሐጃ ዛሂራን ፊት ባየሁ ጊዜ ተከራይ ብታስገባስ የት አባቱ አልኩ በልቤ።

ጥቅምት 18፣ ረቡዕ

ተኝቼ ነበር፣ ተነሣሁ። ዛሬ ካልጻፍኩት አያስተኛኝም።

ሰባተኛ ቀን ነው፤ ልጅቷ ስም ወጣላት። በግ ታርዷል፣ ሰፈሩ ሞልቷል። ክፍሉ ስገባ መላክ አንዱ አንገረብ ላይ ናት። ከጎኗ፣ በመሃል ሰው የሚያሳልፍ ትቶ፣ ሁለተኛ አንገረብ ተዘርግቷል። አዲስ ገመድ፣ አዲስ አንሶላ፣ ማንም አልተቀመጠበትም። ንዴቴ ተመለሰ። ሴቶቹ እስኪወጡ ጠበቅኩና «ተከራይሽ መቼ ይገባል?» አልኳት።

«ምን ተከራይ?»

«ይኼ አልጋ የማን ነው ታዲያ?»

ሐጃ ዛሂራ ግራ ተጋብታ አየችኝ። «ወሯ ኅዳር ነው አላልሽኝም?» አለች።

አልገባኝም። ወላሂ ለቅጽበት አልገባኝም።

«የሂያም ነው» አለች። «መላክ አርባዋን ሳትጨርስ ሂያም ትደርሳለች። ሁለቱ አብረው ይታረሳሉ። አንቺ ከሥራ ስትወጪ ትመጫለሽ፣ ሌሊት እኔ አለሁ። ሙአየድን ጠይቄዋለሁ፤ አማቷም ‹እናቷ ካለች ማን ይከለክላታል› ብላለች። የቀረሽው አንቺ ነሽ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ማራገቢያ አላት ትይኝ ነበራ!»

መላክ አፏን በሻሿ ይዛ ሳቀች። እኔ አንገረቡ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሐጃ ዛሂራ አላባበለችኝም፤ ከጎኔ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ኋላ ላይ «ክፍልሽ ገብቼ የሰገድኩ ቀን ነው ያሰብኩት» አለችኝ። «ግን ችካሉ ተተክሎ ነበር፤ አንቺ ደግሞ ደንብሽ አይነካም። ምን ላድርግ እያልኩ ሳለሁ ግድግዳውን አፈረስሽልኝ።»

ያልጻፍኩትን ልጻፍ። ሐምሌ ላይ ሂያም «እማዬ፣ የት እወልዳለሁ?» ብላኝ ነበር። ይህች ብቻ ናት ጥያቄዋ። እኔ «አማትሽ ጋ ይሻልሻል፣ ማራገቢያ አለ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። የማስተኛት ቦታ የለኝም ማለት አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ በደወለች ቁጥር ሥራ ላይ ነኝ። የሌላ ሰው ልጅ የምትታረስበትን ቤት ስለካ፣ ለእኔዋ ሦስት ክንድ የጨመረችላትን ሴት ስግብግብ ብዬ ጽፌአለሁ። ገጹን ልቀደው ብዬ ነበር። ይቆይ፤ የሠራሁትን ልየው።

ወዲያው ደወልኩላት። ሳላስጨርሳት «መሬቱ የሰው ነው፣ ግድግዳውን ግን እናትሽ ለስናዋለች። እኔ ጋ ትወልጃለሽ» አልኳት። «እማዬ፣ ማራገቢያ አለ?» አለችኝ። ባለጌ! አባቷን ነው የወጣችው።

ጥቅምት 23፣ ሰኞ

ሂያም ቅዳሜ ገባች። ሙአየድ ልብሷን፣ ትራሷንና ማራገቢያውን ጭኖ አመጣት። ማራገቢያውን አማቷ ናት የላከችው፤ ግድግዳው ስለሚያቀዘቅዝ ማንም አላስነሳውም። ትናንት ከሥራ ስመጣ ሁለቱ ልጆች በየአንገረባቸው ተጋድመው የመላክን ሕፃን እየተቀባበሉ በዐረብኛ ይሳሳቃሉ። በመሃላቸው ባለችው መተላለፊያ ሰጋጃዬን ዘረጋሁ፤ ሳላጥፈው ተዘረጋ።

አማኒ መዝገቡን ልትዘጋ በቀኝ በኩል «ተራ ቁጥር አንድ፣ አራት በአራት ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ።

«አራት በአምስት ከግማሽ» አልኳት። «ሁለት አራስ ብለሽ ጨምሪበት።»

ዛሬ ተራ ቁጥር ሁለት ጀመርን። ሀኒፋ ትባላለች፤ ዓይን አፋር ሴት ናት። ማግዲ ገመዱን ወጠረ፣ እኔ ሜትሬን ይዤ አራተኛውን ችካል መታሁ። ሀኒፋ ዙሪያዬን ስትዞር ቆይታ «ሬሕማ፣ ወደዚህ አንድ ክንድ ብትጨምሪልኝስ?» አለች።

ማግዲ ወደ ሰማይ አየ። ሰዉ ሁሉ ጩኸቴን ጠበቀ።

«ማን ሊመጣልሽ ነው?» አልኳት።

«እናቴ» አለች።

ችካሉን ነቅዬ በእጇ ሰጠኋት።